ለመጋዘን ሠራተኛ የሚያመች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘገጃጀት

ለድርቅ ተጎጂዎች የሚላክ እህል ከወደብ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ ድረስ በበርካታ መጋዘኖች ያልፋል። በየመጋዘኑ የሚመዘገበው መጠን ትክክለኛ ካልሆነ በወረቀት የሚታየው እህል በቁልሉ ላይ አይገኝም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይህን ስሕተት ሊቀንስ የሚችለው ሠራተኛው ያለ ችግር እንዲገለገልበት ሆኖ ሲዘጋጅ ነው። በዝግጅቱ ወቅት ሊታሰብባቸው የሚገቡት ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) መለኪያ፦ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ሲሆን የዕርዳታ ስንዴ ግን ብዙውን ጊዜ በ50 ኪሎ ጆንያ ይመጣል። 300 ጆንያ የተረከበ ሠራተኛ ይህንኑ ቁጥር በኩንታል መሙያው ላይ ቢያሰፍር 150 ኩንታል የነበረው እህል በመዝገብ እጥፍ ይሆናል። የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ ከሆነ፣ በሌለ እህል ለ1,000 ሰዎች የወር ቀለብ ታቀደ ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የጆንያውን ብዛትና የአንዱን ክብደት ጠይቆ ኩንታሉን ራሱ ማስላት፣ ከመመዝገቡም በፊት ውጤቱን ማሳየት ይገባዋል።

ለ) ቀን፦ ከውጭ አገር በመጣ የዘይት ቆርቆሮ ላይ የታተመው 2026 በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ወይም 2019 ነው። ሠራተኛው በአገሩ አቆጣጠር ካነበበው የተበላሸ ዘይት እንደ ደኅና ሊታደል ይችላል። ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ሊታዩ፣ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውም ዕቃ ቀድሞ እንዲወጣ ፕሮግራሙ ሊያሳስብ ይገባል።

ሐ) የቅጽ አቀራረብ፦ ሠራተኛው ገቢን በሞዴል 19፣ ወጪን በሞዴል 22 ሲሠራ የኖረ በመሆኑ የመሙያው ገጽ የእነዚህኑ ሰነዶች ቅደም ተከተል በአማርኛ ሊከተል ይገባዋል። በሰነድ ላይ ስርዝ ድልዝ እንደማይፈቀድ ሁሉ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሲታረም የቀድሞው ቁጥር፣ ያረመው ሰውና ቀኑ ተመዝግበው መቆየት አለባቸው።

መ) የመብራትና የመገናኛ መቋረጥ፦ ፕሮግራሙ ያለ መስመር መሥራት፣ የተሞላውን መረጃ ወዲያውኑ በዚያው በመጋዘኑ ማስቀመጥና ግንኙነቱ ሲመለስ ወደ ማዕከል ማስተላለፍ አለበት። የቁልል ካርዱም ከቁልሉ ላይ መነሳት የለበትም።

ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ የጭነት መኪና በሚራገፍበት ሰዓት በመጋዘን ሠራተኞች እጅ ሊሞከር ይገባል። ብዙዎቹ በአንድ ቦታ ላይ ከተሳሳቱ ሊታረም የሚገባው ቅጹ ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ምን ጊዜም ቢሆን የጆንያ ቆጠራ ነው።