ቦታ ያለው ዕቃ፣ ዕረፍት ያለው ቤት

በየአጥቢያው የምንመላለስ የልማት አገልጋዮች ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ቁጠባ ብዙ እናስተምራለን። ትምህርቱ ሁሉ ሊተገበርበት የሚገባውን የራሳችንን ቤት ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። የዚህ ዕትም ትምህርት መኖሪያ ቤትን በሥርዓት ማሰናዳት የአእምሮን ጫና እንዴት እንደሚያቃልል የሚያስረዳ ነው። ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በቅድሚያ ለራሳቸው ቤት፣ ቀጥሎም ምእመናንን ለመምከር እንዲጠቀሙበት ተዘጋጅቷል።

ከራሴ ልጀምር። የአንድ ሥልጠና ሒሳብ ለማወራረድ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ፣ የ28 ሠልጣኞች ፊርማ የሠፈረበት የውሎ አበል መክፈያ ቅጽ ጠፋብኝ። ቁም ሣጥኑን ገለበጥሁ፤ ከፍራሽ ሥር ዳሰስሁ፤ የልጆቹን ቦርሳ በተንሁ። በመጨረሻም «በዚህ ቤት የተቀመጠ ነገር አይገኝም» ብዬ በባለቤቴ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እርስዋም «አንተ ዛሬ ማታ ብቻ ነው የፈለግኸው፤ እኔ በየቀኑ ስፈልግ ነው የምውለው» አለችኝ። ቅጹ ንጋት ላይ በልጄ ደብተር ውስጥ ተገኘ። ከመስክ ስመለስ በምግብ ጠረጴዛው ላይ የተውሁት እኔው ነበርሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛው በጥድፊያ ሲነሣ ከደብተሮቹ ጋር ተደባልቋል። ሒሳቡ በማግሥቱ ተወራረደ፤ የባለቤቴ ንግግር ግን እስከ ዛሬ አልተወራረደም።

ድካሙ ከየት ይመጣል?

የብዙዎቻችን ቤት አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው። ያው ክፍል መኝታም፣ እንግዳ መቀበያም፣ የልጆች ማጥኛም፣ የእህል ማስቀመጫም ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቤት ቦታ ያልተሰጠው ዕቃ ሁሉ ዐይን ባረፈበት ቁጥር አእምሮን ይጠራል። ያልታጠፈው ልብስ «እጠፊኝ» ይላል፤ ያልታጠበው ድስት «እጠቢኝ» ይላል። ልብ በሉ፤ ጥሪው በሴት አንቀጽ ነው። ሌላው የቤተ ሰብ አባል ዕቃውን ተራምዶት ሲያልፍ እናት ግን ጥሪውን ሁሉ ትሰማለች። ሥራውን ከመሥራቷ በፊት በማሰቡ ትደክማለች። ይህን ድካም ስንፍና ብሎ መጥራት በደል ነው።

ከዕቃ ቤት የምንማረው

ብዙ ካህናት በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ ጽናውን፣ መስቀሉንና ጃንጥላውን በጨለማ ዳስሰው ያገኛሉ። በመኖሪያ ቤታቸው ግን መነጽራቸው ሲጠፋ ቤተ ሰቡ በሙሉ ለፍለጋ ይሰማራል። ምክንያቱ ዕቃ ቤቱ ሰፊ መሆኑ አይደለም፤ ጠባብ ዕቃ ቤት ያለው አጥቢያ ብዙ ነው። በዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ የታወቀ ቦታ አለው፤ ያነሣው ሰው ይመልሰዋል፤ ያረጀው ከሚያገለግለው ይለያል። ይህንኑ ልማድ ወደ ቤታችን ማምጣት እንችላለን።

አፈጻጸሙ

1. ከአንድ ጥግ መጀመር። ቤቱን በሙሉ በአንድ ቀን ለማሰናዳት የተነሣ ሰው ቤቱን በትኖት ያመሻል። ለአንድ መደርደሪያ ወይም ለአንድ ሣጥን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ዕቃውን የሚያገለግል፣ ለሌላ የሚሰጥና የሚወገድ ብሎ በሦስት መለየት ነው። ለነዳያን የሚሰጥ ልብስ ታጥቦና ተሰፍቶ ይሰጥ፤ የተቀደደውን መስጠት ከቤት መጣል እንጂ ምጽዋት አይደለም።

2. ሰነዶችን በአንድ ቦታ መሰብሰብ። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ካርድና የልጆች የትምህርት ማስረጃ ውኃ በማያስገባ አንድ ቦርሳ ይቀመጡ። ባልና ሚስት ሁለቱም ቦታውን ይወቁ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዳይቸገር። የሰበካ ጉባኤው ማኅተምና ደረሰኝ ቦታቸው ጽሕፈት ቤት ነው። ወደ ቤት መምጣታቸው ግድ ቢሆን እንኳ ቁልፍ ባለው የተለየ ሣጥን ይጠበቁ እንጂ ከቤት ወረቀት ጋር አይደባለቁ።

3. አደገኛ ነገሮችን መለየት። በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጡ፤ ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ መርዙን አያውቅም። ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ከምግብ ርቀው ይቀመጡ።

4. ሥራውን መከፋፈል። ከራት በኋላ 15 ደቂቃ ቤተ ሰቡ በሙሉ ያነሣውን ወደ ቦታው ይመልስ። አባት የራሱን ጫማና ወረቀት፣ ወንድ ልጅም እንደ ሴት ልጅ የራሱን ድርሻ ያንሣ። ባለቤቱ ብቻዋን የምታሰናዳው ቤት ሌሎቹን ያሳርፍ ይሆናል፤ እርስዋን ግን አያሳርፋትም።

5. ባለን ልማድ መጠቀም። እናቶቻችን ዐቢይ ጾም ሲገባ የፍስኩን ድስትና ሳሕን አጥበው ያስቀምጣሉ፤ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ቤቱን ይጠርጋሉ፣ ያጸዳሉ። ከዚህ ጋር ያለ አገልግሎት የተከማቸውን መለየትን ብንጨምር በዓመት ሁለት ጊዜ ቤታችን ይቀልላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው

ሥርዓት ለሰው ነው እንጂ ሰው ለሥርዓት አይደለም። ሰባት ነፍስ በአንድ ክፍል ለሚኖርበት ቤት ችግሩ የቦታ ጥበት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ከምክር ይልቅ ግድግዳ ላይ የተመታ አንድ መደርደሪያ ይጠቅመዋል። በወሊድ፣ በሐዘን ወይም በሕመም ምክንያት ቤት ሊዝረከረክ ይችላል። ስለዚህ ለጸበል ጻድቅም ሆነ ለጉብኝት የገባ ካህን መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ቤቱ ሁኔታ ሳይሆን «ምን እናግዝ?» የሚለውን ይሁን። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ የነሳው፣ ልቡ የከበደውና የዕለት ሥራው ያቃተው ሰው ቢያጋጥም ቤት በማሰናዳት ብቻ አይድንም፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማበረታታትና አብሮ መሄድ ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የመኖሪያ ቤት ንጽሕናንም ያካትታል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋብዞ ይህን ርእስ በጋራ ማስተማር ይችላል።

በእኔ ቤት ዛሬ ከበሩ ኋላ አንድ የሰነድ ቦርሳ ተሰቅሏል። ከመስክ ስመለስ ጫማዬን ከማውለቄ በፊት ወረቀቱን እዚያ አኖራለሁ። ቤታችን አልሰፋም፤ ማታ ማታ የሚሰማው ድምፅ ግን ዝቅ ብሏል።

ለውይይት

• በቤታችን በየቀኑ የሚፈለገው ዕቃ የትኛው ነው? ቦታውስ የት ሊሆን ይገባል?
• በቤታችን የማሰናዳቱን ሸክም የሚሸከመው ማን ነው? ከእርሱ ወይም ከእርስዋ ላይ ምን እናንሣ?
• በአባላት ቤት የሚገኙ የአጥቢያው ሰነዶች የትኞቹ ናቸው? እስከ መቼ ወደ ጽሕፈት ቤት ይመለሱ?