ጥርት ያለው ቅብ ለምን ይነጣል?

በእንጦጦ ማርያም አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ አንድ ተማሪ በእጁ የሠራውን ኤሌክትሪክ ጊታር በክረምት ቀን ናይትሮሴሉሎስ ላኬር ቢቀባው፣ ጥርት ብሎ መታየት የሚገባው ቅብ በደቂቃዎች ውስጥ ወተት ሊመስል ይችላል። ለመሆኑ ነጩ ነገር ከየት መጣ?

ላኬር የሚደርቀው በውስጡ ያለው ቲነር ሲተን ነው። እንደሚታወቀው ትነት ሙቀት ይወስዳል፤ አልኮል የተቀባ እጅ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ የቲነሩ ሞለኪውሎች በቀላሉ ያመልጣሉ፤ ቅዝቃዜውም ይበረታል።

እስቲ እናስላ። የአየሩ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን፣ የጤዛ ነጥቡ 11.6 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የቅቡ ገጽ በ4 ዲግሪ ያህል ብቻ ቢቀዘቅዝ ጤዛ ያርፍበታል። እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን ግን ከ10 ዲግሪ በላይ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። በቅቡ ውስጥ የታሰሩት ጥቃቅን ጠብታዎች ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናሉ፤ የእንጦጦ ጉም ነጭ ሆኖ የሚታየውም እንዲሁ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል፦ ደረቅ ቀን መምረጥ፣ በስሱ እየደራረቡ መቀባት፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መጠቀም። በነጣው ቅብ ላይ በደረቅ ቀን ቲነር በስሱ ቢረጭበት፣ ላኬሩ እንደገና ሟሙቶ ውኃውን ሊለቅ ይችላል። ለማድረቅ ተብሎ የከሰል ምድጃ ማቅረብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የቲነር ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ተስቦ እሳቱ ዘንድ ይደርሳልና።