ስደተኛ ማነው?

በቦሌ ሚካኤል በኩል ያለፈ ሁሉ ከየሱቁ ደጃፍ ሶማልኛ ይሰማል። በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ፈርሶ አገሪቱ በጦርነት ስትታመስ ከተሰደዱት መካከል ብዙ ቤተሰቦች እዚያ ሠፈር ኖረዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ወደ ከተማችን መጥተዋል። ነገ ልጆቻቸውን የምናስተምረው እኛው ነን። ስለዚህ ስደተኛ ማን እንደሆነ ከወዲሁ ልናውቅ ይገባናል።

1ኛ. ሕጉ ምን ይላል? የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በጳጉሜን 1961 ዓ.ም. ነው። በስምምነቱ መሠረት ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አስተሳሰቡ የተሳደደ ብቻ አይደለም። የውጭ ወረራ ወይም ጸጥታን ክፉኛ የሚያናጋ ሁከት ከአገሩ ያስወጣውም ስደተኛ ነው። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኛ ልጅ በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ ልጅ እኩል እንዲስተናገድ ያዛል።

2ኛ. ታሪክ ምን ያስተምረናል? ስደተኛ የሚባል የተለየ የሰው ዘር የለም። በ1977ቱ ረሃብ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሻግረው ኡም ራኩባ በተባለ መጠለያ ሠፍረው ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ያው ቦታ እንደገና ተከፍቶ ወገኖቻችንን ተቀበለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሱዳናውያን ራሳቸው ተሰደው በመተማ በኩል ወደኛ ገቡ። ትናንት ያስጠጋ ዛሬ ተጠጊ ሆነ። ነገ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቅ አለ እንዴ?

3ኛ. ከመምህር ምን ይጠበቃል?

ሀ) በዐረብኛ ሲማር የቆየ ልጅ በአማርኛ ተጠይቆ ዝም ቢል «ደካማ ነው» አንበል። ጠመኔውን እንስጠውና ሒሳቡን በለመደው አጻጻፍ ይሥራ፤ ማባዛትና ማካፈል መቻሉ ያኔ ይታወቃል።

ለ) «ያ ስደተኛው» ሳይሆን በስሙ እንጥራው። አጠራሩን ከራሱ አፍ እንስማ።

ሐ) ስለ ጦርነቱ በተማሪ ፊት «እስቲ ንገረን» አንበለው። ቀን ቢወስድም፣ የሚያምነን ከሆነ ራሱ ያወራዋል።

መ) ከሠፈሩ ልጆች ጋር አደባልቀን እናስቀምጠው። ቋንቋ ከመጽሐፍ ይልቅ ከጓደኛ ቶሎ ይለመዳል።

ጓደኞቻችን፤ «እዘኑላቸው» ማለት ብቻ አይበቃም። የታዘነለት ልጅ ዳቦ ያገኝ ይሆናል፤ እንደ እኩያ የታየ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይማራል። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እነዚህን አራቱን በደብተራችን ይዘን እንውጣ።