ዕጣው የወጣለት ሰው

ለጥናት ቤት ለቤት መረጃ ስትሰበስቡ ቀበሌው የመደበላችሁ መንገድ መሪ መጀመሪያ የሚያደርሳችሁ ከሚያውቃቸው ሰዎች ደጅ ነው። ቡናው ደስ ይላል፤ ናሙናው ግን እዚያው ይበላሻል።

ስለዚህ በቅድሚያ በቆጠራ ቦታው፣ ማለትም ለሕዝብ ቆጠራ በተከለለው አካባቢ፣ ያለውን ቤት ሁሉ መዝግቡ። ለ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎች የተመረጡት ለ1999ኙ ቆጠራ ከተዘጋጀው ዝርዝር ነበር፤ ቤቶቹ ግን እንደ አዲስ ተመዝግበው ነው ከየቦታው 28 ቤተሰብ የተለየው። በእነዚያ ዓመታት ስንቱ ፈርሶ ስንቱ ተሠርቷል! ከግቢ ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት አትዝለሉ፤ ተከራይ አይጠፋውም።

168 ቤተሰብ ተመዝግቦ 28 ከተፈለገ ልዩነቱ 6 ነው። ከ1 እስከ 6 ዕጣ አውጡ፤ 4 ከወጣ 4ኛው፣ 10ኛው፣ 16ኛው እያላችሁ ቀጥሉ።

ከየቤቱ አንድ አዋቂ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ሌላ ዕጣ አለ፤ ስሕተት የሚበዛውም እዚህ ነው። «የቤተሰቡን አባላት ንገሩኝ» ካላችሁ የቤት ሠራተኛዋና ደባሉ ይረሳሉ። «እዚህ የሚያድር፣ አብሯችሁ የሚበላ ማን ማን አለ?» በሉ። ልደቱ በቅርቡ ያለፈውን ሰው መምረጥ በሌላ አገር የተለመደ ነው፤ የተወለደበትን ቀን የማያውቅ በሞላበት ገጠር ግን አያስኬድም። ሌስሊ ኪሽ በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመምረጫ ሰንጠረዥ የሚፈልገው ጾታንና የዕድሜ ቅደም ተከተልን ነው፤ ማን ማንን እንደሚበልጥ ደግሞ ቤተሰቡ አያጣውም።

የተመረጠው ሰው ከሌለ ቤት ባገኛችሁት አትተኩ። ቀን ቀን የሚገኘው በአብዛኛው አዛውንት፣ አራስና ሥራ የሌለው ነው። ገጠር በገበያ ቀን አትሂዱ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም በሚከበርበት አካባቢ ግን ገበሬው ስለማያርስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይገኛል። ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ይሻላል፤ ጥበቃውን ደብዳቤና መታወቂያ አሳይታችሁ ቀድማችሁ አነጋግሩ። ቢያንስ ሦስቴ ተመለሱ፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን ይለያይ። በአንድ ጠዋት ሦስቴ ማንኳኳት እንደ አንድ ነው።

ዕጣው ለሚስት ወጥቶ አባወራው «እኔ ልመልስ» ካለ አትከራከሩት። «አባባ፣ ዕጣው ለእሳቸው ወጣ» በሉት፤ ዕቁብ የጣለ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ያልተሳካውን ቤት ባዶ አትተዉት። «ተዘግቷል»፣ «እምቢ ብለዋል»፣ «ሰው አይኖርበትም» የተለያዩ መልሶች ናቸውና የሄዳችሁበትን ሰዓት ጨምራችሁ በየኮዳቸው ሙሉ።