በገዛ እጃችን የምንቀርጸው የገና ካርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ደግሞ የጌታችንን ልደት እናከብራለን። በመካከሉ ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ወደ ሀገር ቤት የሚላክ የገና ካርድ በእጃችን ለመሥራት ካሰብን ከአሁኑ መጀመር አለብን።

«ገንዘብ እየላክሁ ደግሞ ካርድ ምን ይሠራል?» የምትሉ አትጠፉም። ገንዘቡ ለቤት ኪራይ፣ ለዩኒፎርም፣ ለእህል ይሆናል፤ ደግ ነው። በኢሞም ማዳም ስትፈቅድ ትነጋገራላችሁ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ግን ያልቃል። ከእናንተ ብዙዎቹ ልጅ ለእናት ወይም ለእኅት ትታችሁ የመጣችሁ ናችሁ። ያ ሕፃን ዛሬ ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ጀምሮ ይሆናል፤ የእናቱን የእጅ ጽሑፍ ግን አይቶ አያውቅም። ካርድ በደብተሩ መካከል ሊያኖረው፣ ለጓደኛው ሊያሳየው የሚችለው ነገር ነው።

ደግሞም የገና ካርድ ራሱ የመጣው ሥራ ከበዛበት ሰው ነው። በ1843 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ቢያጥረው፣ ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሠርቶ 1000 ያህል ቅጂ አሳተመ። በሥዕሉ መካከል ቤተሰብ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጧል፤ በግራና በቀኝ የተራበ ሲመገብ፣ የታረዘ ሲለብስ ይታያል። ዋጋው አንድ ሽልንግ ስለነበር ያን ሥዕል ድሀ አይገዛውም ነበር። የእኛን ግን ማንም ሊሠራው ይችላል።

ከመክተባ የሚገዛው ጥቂት ነው። ለስለስ ያለ ትልቅ ነጭ ላጲስ፣ ክዳን ያለው የቢሮ ማኅተም ቀለም፣ ወፈር ያለ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ኮላ። የተዘጋጀ የጎማ ማኅተምም ይሸጣል፤ ብዙው ግን በረዶና የበረዶ ጋሪ ነው፤ ይህ ለአያት ምኗ ነው? ላጲስ ብንቀርጽበት የራሳችን ማኅተም ይሆናል። በቀይ ሥር ውኃ ለማተም የሞከሩ እኅቶች አሉ፤ መልኩ መጀመሪያ ያምራል፣ ሲቆይ ግን ይደበዝዛል። ቀለም ካጣችሁ የልጆች የውኃ ቀለም በአዲስ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ አወፍራችሁ ቀቡና ማኅተሙን በዚያ ላይ ንከሩ።

አቀራረጹ እንዲህ ነው። ሥዕሉን በላጲሱ ላይ በእርሳስ ሣሉ። ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የሚቀረው ክፍል ነው፤ ነጭ እንዲሆን የምትፈልጉትን ቁረጡና አውጡ። ምላጩን ከመስመሩ ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ ወደ ውስጥ ከገባ የማኅተሙ ሥር ይሣሣና ሲጫኑት ይታጠፋል። መስመሩ በሚዞርበት ቦታ ምላጩን ሳይሆን ላጲሱን አዙሩ። ቀለሙን ስትነክሩ መታ መታ አድርጉ እንጂ አትሹት። ወረቀቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ኅትመቶች በማይረባ ወረቀት ላይ ሞክሩ።

ምን እንቅረጽ? የላሊበላ መስቀል ያምራል፣ ነገር ግን ሐረጉ ስለሚበዛ ለጀማሪ ይከብዳል። ኮከብ፣ በግ፣ የእረኛ በትር፣ የገና ዱላ ይቀልላል። በተለይ እረኞቹን አትርሱ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የልደቱ ዜና መጀመሪያ የደረሰው ቤተ መንግሥት ሳይሆን ሌሊት ሥራ ላይ ለነበሩት ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ እናንተ ከእንግዳ በኋላ ሳሕን ስታጥቡ ይህን አስቡት። ከላጲሱ ጥግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ባለአራት ማዕዘን ቁረጡና በካርዱ ዳር በሁለት ቀለም እየደጋገማችሁ አትሙ፤ የነጠላ ጥለት ትመስላለች። ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚያምረውም ይህ ይመስለናል።

ፊደል መቅረጽ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ማኅተም ሁሉን ገልብጦ ያትማልና። «አደረሳችሁ» ብላችሁ ቀጥታ ብትቀርጹ፣ «ሳ» ተገልብጣ «ሶ» ትሆናለች፤ «ባ»ም «ቦ» ትሆናለች። መፍትሔው ይህ ነው፤ ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ አድምቃችሁ ጻፉ፣ ወረቀቱን በግንባሩ ላጲሱ ላይ ድፉት፣ ጀርባውን በጥፍር ፈግፍጉት። እርሳሱ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል። እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ተጽፎ ስታዩት አትደንግጡ፤ ሲታተም ይስተካከላል።

ወረቀቱ ኤ4 ከሆነ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 11.4 በ16.2 ሳንቲ ሜትር የሆነው የተለመደ ፖስታ ይይዘዋል። ዶቃ አትለጥፉበት፤ በመንገድ ይደቃል፣ ፖስታውንም ይቀዳል። ጥልፍ የምትችሉ ጥቂት ክር ብትሰፉበት ጠፍጣፋ ሆኖ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ በቀጥታ የምንነግራችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ምላጭ ወይም ከተር በምትተኙበት ክፍል አታስቀምጡ። አሠሪ በትራስ ሥር ምላጭ ብታገኝ ምን እንደምታስብ ታውቃላችሁ፤ ላጲስ ለመቅረጽ ነው ብትሉ ማን ያምናችኋል? ቅርጹ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይሠራ፤ ወደ ቤት የሚሄደው ማኅተሙና ቀለሙ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ የማዳም የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ ተጥሎ እንኳ ብታገኙት ጠይቁና ውሰዱ። በአንድ የወርቅ ቀለም ወረቀት ሰበብ «ሌባ» መባል አይገባችሁም።

ከካርዱ ውጭ ይልቅ ውስጡ ያሳስበናል። «ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ ብቻ መላክ ልማድ ሆኗል። ልጅ ግን እናቱ ምን እንደምትበላ፣ መስኮቷ ወደ የት እንደሚያይ ማወቅ ይፈልጋል። «ዛሬ ሽሮ ሠራሁ፣ ሽታው አንተን አስታወሰኝ» ብትሉት ይበቃዋል። የማታውቁትን ቀን አትጻፉ። «ለፋሲካ እመጣለሁ» የተባለ ልጅ ቀን ይቆጥራል፤ ኮንትራቱ በማን እጅ እንዳለ እርሱ አያውቅም። ደመወዝ የተከለከለች ወይም የተመታች እኅት ካለች ደግሞ ይህን ሸክም በልጅ ካርድ ላይ አትጫነው፤ መጥታ ለእኛ ትንገረን።

መጻፍ የማትችሉ እኅቶች ለጓደኛ ንገሩና ታስጽፍላችሁ። ከዚያ መዳፋችሁን በካርዱ ውስጥ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ልጁ የራሱን እጅ በላዩ ያኖራል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 49 እግዚአብሔር እናት ልጇን ትረሳ እንደሆነ ጠይቆ፣ እርሱ ግን ሕዝቡን በእጁ መዳፍ እንደ ቀረጸ ይናገራል። ሌላ ጽሑፍ ባይኖርበት እንኳ ያ የመዳፍ ሥዕል ደብዳቤ ነው።

አላላኩን በሚመለከት፣ በሀገራችን ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይደለም። ቤተሰብ ሣጥን ከሌለው የትምህርት ቤቱን ወይም የዘመድ መሥሪያ ቤትን ሣጥን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የተቀባዩንም ስልክ በፖስታው ላይ ጻፉ። ወደ ሀገር የምትገባ የታመነች እኅት ካለች በእርሷ እጅ መላክ ይሻላል፤ ፖስታውን ሳትዘጉ ስጧት፣ የያዘችውን ማወቅ ይገባታልና። መስቀል ያለበት ነገር ጥያቄ በሚያስነሣበት ሀገር ያላችሁ ኮከብ ወይም አበባ አትሙ። ከመላካችሁ በፊትም ፎቶ አንሡት፤ ካርዱ ቢዘገይ በገና ዕለት ፎቶው በስልክ ይደርሳል።

በማዳም ቤት ገና ታኅሣሥ 16 ስለሚውል ከዚያ በኋላ ወረቀቱና ፖስታው በቅናሽ ይሸጣል። ለዘንድሮው አይደርስም፤ ለትንሣኤ ካርድ ግን ግዙት። ማኅተሙን በሳሙና ውኃ አጥባችሁ ካደረቃችሁት ያን ጊዜም ያገለግላል።

ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ እንቀርጻለን። ላጲስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁም ኑ። እሑድ የማትወጡ እኅቶች በጓደኛ በኩል የልጃችሁን ስምና የምትፈልጉትን ሥዕል ላኩልን፤ ማኅተሙን ቀርጸን እንልክላችኋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።