ቤታ ዓሣ ምግብ ሲመርጥ

በሳይንስ ክፍላችን መስኮት አጠገብ ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖረውን ሰማያዊ ዓሣ የማያውቅ ተማሪ የለም። ቤታ ይባላል። ዘንድሮ ከክበባችን አባላት ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ እሱ ነው፦ «መምህር፣ ከቀዩ ትል በቀር ምንም አይበላም፤ እንክብሉን ስንሰጠው ይተፋዋል። ምን ይሻላል?» ይህንኑ ዓሣ በቤታቸው የሚያሳድጉ ልጆችም ስላሉ መልሱን በጽሑፍ ማቅረቡ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

የቤታ አገሩ ታይላንድ ነው። በሩዝ ማሳ፣ በረግረግና በዝግታ በሚፈስ ቦይ ውስጥ ይኖራል። ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም በ1910 እ.ኤ.አ. ያወጣለት እንግሊዛዊው የዓሣ ተመራማሪ ቻርልስ ቴት ሪገን ሲሆን፣ ታይላንድም በ2019 ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። አፉን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ወደ ላይ የዞረ ነው። በውኃው ገጽ ላይ ያለን ነፍሳት ለመልቀም የተመቸ አፍ ነው። በተፈጥሮው የሚመገበው የትንኝ እጭ፣ ትንንሽ ነፍሳትና ደቃቅ የውኃ ፍጥረታትን ነው፤ ሥጋ በል ነው ማለት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ይነሣል፤ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ቡናማ እንክብል ግን ምግብ አይመስለውም። እኛ አመል የምንለው አብዛኛው ይኸው ነው።

ሆኖም ከምግቡ በፊት ውኃውን መጠርጠር ይገባል። ቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ውኃ ነው። ናይሮቢ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሐምሌን ሌሊት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዓሣ የሰውነት ሙቀት ከውኃው ጋር ስለሚወርድ የምግብ መፈጨቱም አብሮ ይዘገያል፣ ፍላጎቱም ይጠፋል። ውኃው 19 ዲግሪ ላይ ቆሞ ሳለ ዓሣውን «አመለኛ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቴርሞሜትር፣ ቀጥሎ የገንዳ ማሞቂያ። ሆዱ ያበጠ፣ ክንፎቹን የሰበሰበ ወይም ነጫጭ ነጥብ የወጣበት ዓሣም ምግብ መራጭ ሳይሆን በሽተኛ ነው።

ሌላው የእኛው እጅ ነው። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን ሃያ ልጅ ተራ በተራ አንድ አንድ ጉርሻ ቢሰጠው፣ የዓሣው ሆድ የአንድ ዓይኑን ያህል ቢሆን ነው። የጠገበ ዓሣ ይመርጣል፤ የተረፈው ምግብም በስብሶ አሞኒያ ይሆንና ውኃውን ይመርዛል። ለዚህ ነው በገንዳው ላይ የመጋቢዎች ተራ የተለጠፈው፤ ጠዋት አንድ ሰው፣ ማታ አንድ ሰው፣ በየጊዜው ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ እንክብል።

አሁን ወደ ማስለመዱ እንምጣ። ጤነኛ የሆነ ያደገ ቤታ አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። («ታዲያ ይጾማል?» ብላ የጠየቀችኝ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አዎ፣ በሳምንት አንድ ቀን ይጾማል።) በማግስቱ ጠዋት አስቀድሞ መቅረብ ያለበት አዲሱ ምግብ ነው። የሚወደው ትል ከቀደመ ወደ እንክብሉ ዞሮም አያይም። በረዶ ሆኖ ከሚሸጠው ቀይ ትል ሲቀልጥ የሚወጣውን ውኃ በትንሽ ሳህን አጠራቅሙና ሁለት እንክብል ለጥቂት ደቂቃ ንከሩበት፤ ሽታው ይጋባበታል፣ ጠጣሩም ይለሰልሳል። ከዚያ በወረንጦ ጫፍ ይዛችሁ በውኃው ገጽ ላይ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት። ዓሣው የሚያሳድደው እንቅስቃሴን ነውና። ጎርሶ ቢተፋው አትደናገጡ፤ ቤታ እየተፋ መልሶ መጉረስ ልማዱ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልበላው አውጡት፤ «ተራበ» ብላችሁ ወዲያው ትል አትስጡት፤ እስከ ማታ ይጠብቅ። አንዳንዱ በሦስት ቀን ይለምዳል፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ነጭ ሽንኩርት ጨምቀው የሚነክሩም አሉ፤ ለእኔ የትሉ ውኃ ይበቃኛል። እንጀራና ዳቦ ግን በፍጹም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቀዩ ትል በእርግጥ ትል አይደለም፤ የማትናከስ ትንኝ መሰል ነፍሳት እጭ ነው። ዓሣው ይወደዋል፣ ብቻውን ግን የተሟላ ምግብ አይሆንም፤ በብዛት ሲሰጥም ሆዱን ያደርቀዋል። ዳፍኒያ የምትባለዋ ቁንጫ የምታህል የውኃ ፍጥረት ግን ቅርፊቷ ሆዱን ያለሳልስለታል፤ እንክብሉ ደግሞ ቪታሚን ይጨምርለታል። በነገራችን ላይ የደረቀው ቀይ ትል ብናኝ በአንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣልና ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ከሁሉ የሚጣፍጠው የትንኝ እጭ ነው፤ ከባዱም ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። «በባልዲ ውኃ ብናስቀምጥ በነጻ እናገኛለን» የሚል ሐሳብ በክበባችን ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልሁትም። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ተገኘች፤ በ2016 ቀብሪ ደሃር ታየች፤ በ2022 መገኘቷ ከኬንያም ተነገረ። ለአንድ ዓሣ ቁርስ ብሎ በሰፈር መካከል ትንኝ ማርባት አይገባም። እንዲያውም ዓሣ በዚህ ረገድ የሰው አጋር ነው፤ በአሰብ ከተማ አፋኒየስ ዲስፓር የተባለ የአካባቢው ትንሽ ዓሣ የትንኝ እጭ እንዲበላ በውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተጨምሮ ተሞክሯል።

በእጩ ፈንታ አርቴሚያ እንፈለፍላለን። ይህች የጨው ውኃ ፍጥረት ደረቅ እንቁላሏ በጣሳ ይሸጣል። በአንድ ሊትር ውኃ 30 ግራም ያህል ጨው አሟሙታችሁ፣ የማንኪያ ጫፍ እንቁላል ጨምራችሁ፣ ሞቅ ባለ ቦታ በአየር ፓምፕ እያናፈሳችሁ አቆዩት። በ24 ሰዓት አካባቢ ብርቱካንማ ነጥቦች ሲዋኙ ታያላችሁ። በቀጭን ጨርቅ አጥልላችሁ፣ ጨውን በንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁ ስጡት፤ ባዶውን ቅርፊት ግን አትጨምሩበት። ጣሳው ከገንዳው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን የዕለቱ ተረኛ ከእኔ ይወስዳል።