ዲኮደሩ መልስ የሚልከው በየት በኩል ነው?

በዲጂታል ቴሌቪዥን ዲኮደር ማሸጊያ ላይ የሚታተመው «ኢንተርአክቲቭ» የሚል ቃል ገዢን ይስባል። ይሁን እንጂ ቃሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን፣ ዕቃውን የሚያስመጣም ሆነ በአገልግሎቱ ላይ ገንዘቡን የሚያውል ሰው ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የተለመደው የቤት ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይልክም። ታዲያ ተመልካቹ ሪሞት ኮንትሮሉን ተጭኖ የስፖርት ውጤት ሲጠይቅ መልሱ ከየት ይመጣል? ጣቢያው የመረጃ ገጾቹን ከፕሮግራሙ ጋር እየደጋገመ ያሰራጫቸዋል። ዲኮደሩም የተፈለገው ገጽ ተራው ደርሶ ሲመጣ ይይዘውና በስክሪኑ ላይ ያሳየዋል። ተመልካቹ ከጣቢያው ጋር የተነጋገረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከቤቱ የወጣ አንድም መልእክት የለም።

እውነተኛው የሁለትዮሽ ግንኙነት የሚጀምረው ተመልካቹ ዕቃ ሲያዝ፣ ድምፅ ሲሰጥ ወይም የባንክ ሂሳቡን ሲያንቀሳቅስ ነው። ለዚህም የመመለሻ መስመር የግድ ያስፈልጋል።

የእንግሊዙ ቢስካይቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ በኦክቶበር 1998 ዲጂታል ሥርጭት ሲጀምር፣ ዲኮደሩ ከስልክ መስመር ጋር የሚገናኝ ሞደም ነበረው። በአንድ የሳተላይት ትራንስፖንደር በሰከንድ ከ30 ሚሊዮን ቢት በላይ ሲወርድ፣ በሞደሙ የሚመለሰው ቢበዛ 28,800 ቢት ነበር። ለትዕዛዝ ግን ይህ በቂ ነው፤ የሚላከው የዕቃው መለያ፣ ብዛቱና የደንበኛው ቁጥር ብቻ ነውና።

ሂሳቡ የሚከብደው በንግዱ በኩል ነው። በ1999 ቢስካይቢ ዲኮደሩን በነጻ ማደል ሲጀምር፣ ደንበኛው ሣጥኑን ከስልክ መስመር ጋር አገናኝቶ እንዲያቆይ በውል ያስገድድ ነበር። ምክንያቱም ለዲኮደሩ የወጣው ድጎማ በከፊል ይመለሳል ተብሎ የታሰበው በዚያች ሽቦ በሚተላለፍ ግብይት ነው። ቢስካይቢ ከብሪቲሽ ቴሌኮም፣ ከኤችኤስቢሲ ባንክና ከማትሱሺታ ጋር በሽርክና ያቋቋመው «ኦፕን» የተሰኘ የቴሌቪዥን ገበያም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ሆኖም «ኦፕን» በ2001 በስሙ መሥራቱን አቆመ። መስመር መዘርጋት አንድ ነገር ነው፤ ደንበኛው በመስመሩ እንዲገበያይ ማድረግ ሌላ ነው።

የኬብል ቴሌቪዥን በበኩሉ የስልክ እርዳታ አይሻም። ሥርጭቱና መልሱ በአንድ ሽቦ፣ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ይተላለፋሉ። ነገር ግን በአሮጌ የኬብል መስመሮች ላይ ያሉት አምፕሊፋየሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠሩ በመሆናቸው ሊለወጡ ግድ ነው፤ ይህም ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል።

ዛሬ የሞደሙን ቦታ ኢንተርኔት ወስዶታል። ኤችቢቢቲቪ የተባለውና በ2010 በአውሮፓ የጸደቀው ደረጃ ሥርጭቱን ከአየር፣ መልሱን በኢንተርኔት ያገናኛል። ሥሌቱ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ዲኮደር የሚገዛ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ መልሱ የሚሄደው በየትኛው መስመር ነው? የመስመሩን ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው? በወዲያኛው ጫፍ ትዕዛዙን ተቀብሎ የሚያስተናግድ ድርጅትስ አለ? ከሦስቱ አንዱ መልስ ካጣ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ የተገዛው ተራ ሪሲቨር ነው።